ማዳበሪያው ስንት ኪሎ ይመዝናል?

የኅዳር ሚካኤል ልጅ (ጅማ) · ጥቅምት 28

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ ስለ ቆርቆሮ ነው፤ ነገር ግን ከቡና መጀመር አለብኝ። ጅማ ውስጥ ከቡና የማይጀምር ነገር ብዙ የለም።

በየወሩ በ12 የሚካኤልን ጽዋ የምንጠጣ ሃያ አራት ማኅበርተኞች ነን። እኔ ገንዘብ ያዥ ከሆንኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በሴቶች መቆሚያ በኩል ማፍሰስ ከጀመረ ሁለት ክረምት አለፈ። የጅማን ዝናብ ለማታውቁ፦ ክረምት ከመግባቱ በፊት ይጀምራል፤ መስቀል አለፈ ብሎም አይተውም። ስለዚህ ማኅበራችን ጣሪያውን ሊያድስ ቃል ገባ። ባለፈው ሳምንት ከአባሎቻችን አንዱ መቶ ቆርቆሮ በጭነት መኪና አምጥቶ ግቢ ውስጥ አራገፈ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል ብያለሁ፤ አልዋሽም። ሆዴን የቆረጠኝ እልልታው ካለቀ በኋላ ነው።

ሰውየው ቡና ሰብሳቢ ነጋዴ ነው። በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. የቡና ወቅት እርሱ ዘንድ የሚዛን ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራው ቀላል ነበር። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ በአህያ ወይም በባጃጅ ያመጣል፤ ይመዘናል፤ እኔ ስሙንና ኪሎውን በካርቦን እጽፋለሁ፤ አንዱን ቅጠል ለገበሬው እሰጣለሁ፤ ሌላው ደብተሩ ላይ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ ላይ «ለከረጢቱ» ተብሎ አንድ ኪሎ ይቀነሳል።

ባዶ ማዳበሪያ አንድ ኪሎ አይመዝንም። ሩብ ኪሎ ብለው እንኳን ለአለቃዬ ማድላት ነው። የቃጫ ጆንያ ቢሆን አንድ ኪሎ ቢባል ብዙም ባልከፋ ነበር። ደንቡ የመጣው ከጆንያው ዘመን ሳይሆን አይቀርም፤ ጆንያው ሄደ፣ ቅናሹ ቀረ።

ሩቡን ለማዳበሪያው ብተውለት ሦስት ሩብ ኪሎ ከሰው የተወሰደ ነው። በቀን አርባ ማዳበሪያ ሲገባ ሠላሳ ኪሎ ይሆናል። ወቅቱን ስድሳ ቀን ብለው 1,800 ኪሎ። በሁለት ወቅት 3,600። በፈረሱላ ሲካፈል፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ከ211 ፈረሱላ በላይ ነው። ይህን ስሌት የሠራሁት ትናንት ማታ ነው። ያኔ ያልሠራሁት ስለማልችል አልነበረም።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሦስት ማዳበሪያ አምጥተው አስመዘኑ። ሦስት ኪሎ ቀነስኩ። ምንም አላሉም። ጀንፈሉ ሲገለበጥላቸው ባዶውን ማዳበሪያ አንሥተው በጥንቃቄ፣ እንደ ነጠላ አጣጥፈው፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። ቀስቱ አልተነቃነቀም። በኦሮምኛ «ልጄ፣ ይህ አንድ ኪሎ ከሆነ ከረጢቱን ለአንቺ ልተውልሽ፤ አንቺ ኪሎዬን ስጪኝ» አሉኝ። ጫኝ አውራጁ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያም ለቀጣዩ ሰው አንድ ኪሎ ቀንሼ ጻፍኩ።

አሁን ሰውየው ሁለት ነገር ጠይቋል። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ስሙ በድምፅ ማጉያ እንዲነበብለት፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በግድግዳው ላይ በእብነ በረድ እንዲቀረጽለት። ሊቀ መንበራችን ደስ ብሎት ተስማምቷል። የማነበውም እኔ ነኝ፤ ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ ዝርዝሩን የማነበው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። በዓሉ ዕለት ዲያቆናቱ ዣንጥላ ዘቅዝቀው ሲዞሩ ከሰል የምትሸጠዋ ጎረቤቴ አሥር ብሯን በጣቷ አጣጥፋ፣ ማንም እንዳያይባት ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ትጥላለች። የእርሷን ስም አንብቤ አላውቅም።

ምን ላድርግ? ዝም ብል ያንን ስም በራሴ አንደበት ልጠራ ነው። ብናገር ማስረጃው የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ የካርቦን ደብተሮቹ እስከ ዛሬ ቤቴ፣ አልጋ ሥር በሻንጣ ውስጥ አሉ። እኔ ራሴ ከዚያ ሥራ ባገኘሁት የወቅት ማበረታቻ ለቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ ገዝቼ ሰጥቻለሁ፤ ያ ግን ሌላ ነገር ነው። ቆርቆሮውን እንቀበል ወይስ አንቀበል?

ከመንደራ · ጥቅምት 28

ሰላም እህቴ። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ በእናንተ ማኅበር ጉዳይ ጣልቃ ገባ ካልተባልኩ አንድ ነገር ልበል። ዳዊት መሠዊያ ሊሠራ ወደ ኦርና አውድማ በሄደ ጊዜ ኦርና አውድማውንም በሬዎቹንም በነጻ ሊሰጠው ፈልጎ ነበር። ንጉሡ እምቢ አለ፤ ዋጋ ያልከፈልኩበትን ለእግዚአብሔር አላቀርብም ብሎ በአምሳ ሰቅል ብር ገዛው። የእናንተ ነጋዴ ዳዊትን ገለበጠው። ዋጋውን የከፈሉት አውድማቸው ላይ ቡና ሲያሰጡ የከረሙት ናቸው፤ ስሙ የሚነበበው የእርሱ ነው።

ስለ ስም ማንበቡ ግን እናንተን ብቻ ልወቅስ አልችልም። በእኛ ዘንድ ዣንጥላ የለም፣ ፖስታ አለ፤ በፖስታው ላይ ግን ስምና መጠን የሚጻፍበት መስመር ታትሟል። ለሒሳብ ነው ይባላል። ለሒሳብም ነው፣ ለሌላም ነው።

ጡረተኛው ሒሳብ መርማሪ · ጥቅምት 29

እህቴ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ለሚያውቁት ትቼ በማውቀው ልምጣ።

አንደኛ፣ ቆርቆሮውን ማንም እንዳይመታው አድርጊ። የተደረደረ ቆርቆሮ ይመለሳል፤ የተመታ ቆርቆሮ አይመለስም። እስከ ውሳኔ ድረስ «በአደራ የተቀመጠ» ብለሽ በቁጥር መዝግቢው፤ ሁለት ሰው ይፈርምበት። ስጦታ ብለሽ ደረሰኝ አትቁረጪ። ደረሰኙ ከተቆረጠ በኋላ ስለ ሕሊና መነጋገር ከባድ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አይቼዋለሁ።

በማኅበሩ ፊት ቆመሽ ሰውየውን ሌባ እንዳትይ። መጀመሪያ ለብቻው ሄደሽ ንገሪው፤ ጌታም ያዘዘው ይህንኑ ነው። ደግሞም በቃል ብቻ አትሂጂ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ። ግን ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን። ይህን የምለው ስለማላምነው አይደለም፤ ሰው ስለሆነ ነው።

ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ቲቶንና ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ላከ። ምክንያቱንም ለቆሮንቶስ ሰዎች በግልጽ ጽፏል፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም ነቀፋ እንዳይኖርበት ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላየሁም። የደቀ መዛሙርቱን ከረጢት ይዞ የነበረው ማን እንደነበረ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዥነትሽን እንደ ጽድቅ አትቁጠሪው።

የሸቤ ልጅ · ኅዳር 1

ይህን ገጽ የላከልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ። አባቴ በቦንጋ መንገድ ከሸቤ ወደ ውስጥ ገባ ካለ ቀበሌ ጀንፈል እየጫነ ወደ ጅማ ያወርድ ነበር። እርስዎ የጻፉለት ይሁን ሌላ አላውቅም። አንድ ኪሎ «ለከረጢቱ» የሚለውን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የትምህርት ቤት ደብተሬ ከዚያ ኪሎ የተረፈው ነበር።

ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቆርቆሮው አሥር መስመር ጽፈዋል። ስለ መጋረጃው አንድ መስመር ጽፈው «ያ ግን ሌላ ነገር ነው» ብለዋል። ምኑ ነው ሌላ? እርሱ መቶ ቆርቆሮ ሰጠ፣ እርስዎ መጋረጃ ሰጡ። ደብተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የማን ነው?

ሌላም ልጨምር። በእነዚያ ደብተሮች ላይ ካሉት ስሞች የሚበዙት የእኛ ሰዎች ስሞች እንደሆኑ ጅማ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። ያን ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ ኃጢአቱ እንደቀለለለት የሚያስብ ሰው ካለ፣ የእኛ ኪሎ የእናንተ ጣሪያ እንደሆነ ይወቅ። በእኛ ሃይማኖት የሰው ሐቅ በሶላትም በሐጅም አይሰረዝም፤ ይቅር የሚለው ባለቤቱ ብቻ ነው። በእናንተም የተለየ አይመስለኝም።

እመልሳለሁ ካሉ ደግሞ፣ ኪሎ ወስዳችሁ ብር አትመልሱ። የ2008 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? በኪሎ ያስቡት፤ በዛሬ ዋጋ ይክፈሉት።

በቁጣ ጽፌ ከሆነ ይቅርታ። ሽማግሌው ማዳበሪያውን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡ አባቴ መሰሉኝ።

ቀሲስ ከአጋሮ መንገድ · ኅዳር 2

ልጄ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። የሸቤው ወንድማችን የተናገረው እውነት ነው፤ ከእርሱ አፍ መምጣቱም መልካም ነው።

ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ላይ ቅደም ተከተሉ ተቀምጧል። የበደለ ሰው በደሉን ይናዘዛል፤ የወሰደውን በሙሉ አምስተኛውን ጨምሮ ለተበደለው ይመልሳል፤ ተበዳዩ ሞቶ የቅርብ ዘመድ እንኳን ከሌለው ያን ጊዜ ለእግዚአብሔር ለካህኑ ይሆናል። ቤተ መቅደሱ በመጨረሻ ነው የተጠራው። እኛ ግን ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ለመቀበል ዣንጥላችን ቅርብ ነውና። ዘኬዎስም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ለቤተ መቅደስ ሳይሆን ለበደላቸው ሰዎች ነው፤ አራት እጥፍ ኦሪት በግ ሰርቆ ባረደ ወይም በሸጠ ላይ የፈረደችው ነው። ከአምስተኛው ይልቅ የሚከብደውን ራሱ መረጠ።

ዲድስቅልያ የተባለው የአባቶቻችን የሥርዓት መጽሐፍም ከማን ምጽዋት መቀበል እንደማይገባ ሲዘረዝር ሚዛን የሚያጎድሉትን አልዘለላቸውም። ከእነዚህ ተቀብሎ ድሆችን ከመመገብ ረሃቡ ይሻላል እስከማለት ይደርሳል። ይህን እኛ ካህናቱ ለራሳችን ብዙ ጊዜ አናነበውም፤ ሕንፃ የጀመረ ሰው ማንበብ የሚወደው ሌላ ነው።

ስለ መጋረጃው በዚህ ገጽ ላይ ቀኖና አልሰጥሽም፤ የንስሐ አባት አለሽ፣ ለእርሳቸው ንገሪ። በገዛ እጅሽ ሄደሽ እንዳታወርጂው ብቻ። የደረሰሽን ያህል መልሺ፤ ያልደረሰሽን የሚመልሰው ሌላ ነው፤ ለእርሱም ይህንኑ ንገሪው።

የኅዳር ሚካኤል ልጅ (ጅማ) · ታኅሣሥ 9

አባቴ ይባርኩኝ። የቆየሁት መልስ ጠፍቶኝ ሳይሆን የምጽፈው ነገር እስኪኖር ነው።

ለሸቤው ወንድሜ፦ ምኑም ሌላ አይደለም። የጻፉትን ባነበብኩ ሌሊት አልተኛሁም፤ ተናድጄብዎት ነበር። እስከ ንጋት ድረስ የተናደድኩበት ምክንያት እየጠፋብኝ ሄደ። መጋረጃው ላይ የክርስትና ስሜ በወርቃማ ክር ተጠልፏል፤ ያን አልጻፍኩላችሁም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ስሰግድ ፊት ለፊቴ የነበረው የራሴ ስም ነው። ስለ እብነ በረዱ ግን ስንት ቀን አማሁት።

ነጋዴው ዘንድ በኅዳር 5 ሄድኩ፤ ቅጂውን ይዤ። መጋዘኑ ውስጥ ወንበር ሰጠኝ፣ ቡና አስፈላልኝ። የምናገረውን ሲሰማ አልጮኸም። «ከእኔስ አይቀነስም?» አለ። ለእርጥበት ይቀነሳል፣ ለጠጠርና ለቆሻሻ ይቀነሳል፣ ደረጃው ዝቅ ተደርጎ ይቀነሳል፤ ከላይ የተወሰደብኝን ከታች ካልወሰድኩ ከየት ላምጣ አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ይህ ቅናሽ የት እንደሚጀምር እኔም አላውቅም። ቀጥሎ «ከዚሁ ገንዘብ ነው አንቺም የበላሽው» አለ። አዎን፣ ለዚህ ነው የመጣሁት አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ስንት ስም እንዳለ ጠየቀኝ። ሁለት መቶ ሰባ ሦስት። «እሺ፣ ሂጂ» አለኝ። ቡናውን አልጨረስኩም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ስሙ እንዳይነበብ ለሊቀ መንበራችን በልጁ በኩል ላከ። ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ አልታየም። ቆርቆሮው ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ተደርድሯል፤ «በአደራ» ተብሎ ሁለት ሰው ፈርሞበታል። ሊቀ መንበራችን ያኮረፈው እኔን ነው። ግማሹ ማኅበርተኛ ደግሞ ያለፈ ነገር ቆስቁሳ ጣሪያ ከለከለችን ይላል፤ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ እዚያው የሴቶቹ መቆሚያ ላይ ስላፈሰሰ ልፈርድባቸው አልችልም። እኔም ረጥቤያለሁ።

ወደ ራሴ ልመለስ። የንስሐ አባቴ መጋረጃው ይቆይ፣ ስሙ ይውጣ አሉኝ። ዲያቆኑ ቤቴ ድረስ አመጣልኝና ያስጠለፍኩትን በመርፌ ፈታሁት፤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀ። ክሩ ወጥቷል። የመርፌው ቀዳዳ ግን አልደፈን አለ፤ ከኋላ ብርሃን ሲመታው አሁንም ይነበባል። ለአባ ነገርኳቸው፤ «ይነበብ» አሉኝ።

በሁለቱ ወቅት ያገኘሁት ማበረታቻ ስድስት ሺህ ብር ነበር። በዚያ ዘመን ዋጋ ሁለት መቶ ኪሎ ጀንፈል ይገዛ እንደነበር ከራሴው ደብተር አሰላሁ። በዛሬ ዋጋ ሁለት መቶ ኪሎ ለመክፈል የአንገት ሐብሌን ሸጥኩ። አዝኜ ሸጥኩት፤ ሰው በደስታ መስጠት አለበት የሚለውን ሰምቻለሁ፣ ነገር ግን ይህ መስጠት አይደለም፣ ዕዳ ነው፤ በዕዳ የሚደሰት ሰው አላየሁም።

የሐሙስ ገበያ ሰው ለመፈለግ ከሁሉም የተሻለ ቀን ነው። ደብተሩን በዘንቢል ይዤ አራት ሐሙስ ዞርኩ። እስካሁን ሰባት ሰው አገኘሁ፤ 141 ኪሎ ተከፍሏል። ሁለቱ ሞተው ልጆቻቸው ተቀበሉ። አንዷ ሴት የመንግሥት ሠራተኛ መስዬአት ደንግጣ ልትሸሸኝ ነበር። አንዱ ተቀብሎ ቆጠረና «የሌሎቹስ ጸሐፊዎች መቼ ይመጣሉ?» አለኝ።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ባለፈው ሐሙስ ነው፤ በርበሬ ተራ አጠገብ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው። አላወቁኝም። ማዳበሪያውን ሚዛን ላይ ያስቀመጡትን ስነግራቸው ግን አወቁኝ። በሁለቱ ወቅት አርባ አራት ማዳበሪያ አምጥተዋል፤ ሠላሳ ሦስት ኪሎ ነው የሚመጣላቸው። ቀሲስ እንዳሉት አምስተኛውን ጨምሬ በዛሬ ዋጋ ሰጠኋቸው። ቁጭ ብለው፣ ጣታቸውን እያረጠቡ፣ አንድ በአንድ ቆጠሩት። ከዚያ ሠላሳ ሦስት ኪሎ ስንት ብር እንደሚሆን በአፋቸው አሰሉ፤ ከእኔ ይፈጥናሉ። የአምስተኛውን ለይተው መለሱልኝ። ይህ የእኔ አይደለም አሉ። ሕጉ እንዲህ ይላል ብዬ ብለምናቸው «የእናንተን ሕግ ለራስሽ ጠብቂው፤ እኔ ያጎደልሽብኝ ሠላሳ ሦስት ኪሎ ነው» ብለው እጄን በብሩ ላይ አጠፉት። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የልጅ ልጃቸውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «ሳልቆጥር አልነበረም ያኔም» አሉኝ። ይህ ይቅርታ ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅኩም።

ጡረተኛው ሒሳብ መርማሪ · ታኅሣሥ 10

እግዚአብሔር ያበርታሽ። የከፈልሽውን ሁሉ አስፈርመሻል?

የኅዳር ሚካኤል ልጅ (ጅማ) · ታኅሣሥ 10

አስፈርሜያለሁ፤ በዚያው በአሮጌው ደብተር፣ በየስማቸው ትይዩ። ያልተማሩት በጣት አሻራ ነው። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ከትተው ከማተማቸው በፊት ቀና ብለው አዩኝና «ለቀለሙስ ስንት ኪሎ ትቀንሺያለሽ?» አሉኝ።